ጎተራው ሞልቶ የምትራብ ልጅ

ሲኒው ላይ ቀይ መስመር አለ። በጥፍር ቀለም የተሰመረ ነው። ያሰመረችው እናትየዋ ናት፤ ከሲኒው ወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ነጩ ዱቄት እስከዚያች መስመር ይሞላል። አይጎድልም፣ አያልፍም። በዚያ ሲኒ ማንም ቡና አይጠጣም። እንግዳ በዝቶ ሲኒ ቢያጥር እንኳ ከጎረቤት ይመጣል እንጂ እሱ አይነካም።

ቤቱ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። እኔ በአካባቢው ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ቤተሰቡ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስም ግን አልጠራም። ልጅቷን ቤት ውስጥ እንደሚጠሯት ሚጡ እላታለሁ።

ሚጡ የተወለደችው ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። ከእሷ በፊት አንድ ወንድም ነበራት። በአምስት ወሩ ሞተ። የዚያን ቀን ማታ ትንሽ አተኩሶት ነበር፤ ጡት ጠብቶ ተኛ። ሌሊት ሳይነቃ አደረ። እናቱ ጠዋት ልታጠባው ስታነሳው ቀዝቅዟል። ሐዘኑ ሳይወጣ ሰፈሩ ስም አወጣለት። ሾተላይ ተባለ። ሐኪም ሾተላይ የሚለው የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አርኤች ሳይጣጣም ሲቀር የሚመጣውን ችግር ነው። የሰፈሩ ሾተላይ ግን ሰፊ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ የሕፃን ሞት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ጥፋቱም የእናት ይሆናል። እናትየዋ ያኔ 20 ዓመት አልሞላትም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ስትጠራ ቆየች።

ሚጡ ስትወለድ ታዲያ ከጀርባዋ አላወረደቻትም። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ታጠባታለች። ልጅቷም ጡት ካልያዘች አትተኛም። ጎረቤት «አመል አስለመድሻት» ይላት ነበር። ዛሬ ላይ ቆሜ ሳስበው ልጅቷን በሕይወት ያቆያት ያ አመል ነው።

ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ፊቷ እንደ አሻንጉሊት ክብ ነበር። ያያት ሁሉ «ተባረኪ፣ ወተት ጠግባለች» ይላል። ሆዷ ግን እያደር ተነፋ። ወስፋት ነው ተባለና ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት ተሰጣት። ቁመቷ አልጨመረም። በአንድ ሰሞን የተወለደችው የአጎቷ ልጅ በራስ በለጠቻት። ነስር ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ላብ በላብ ሆና፣ እየተነጫነጨች ነው የምትነቃው። እያንዳንዱ ምልክት ለየብቻው ስም ነበረው። ወስፋት፣ ምች፣ ዓይን፣ አመል። አንድ ላይ አስቀምጦ ያያቸው ሰው አልነበረም። እኔም አላየኋቸውም።

ነሐሴ 2013፣ ፍልሰታ ነበር። በእኛ አገር ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ትንሽ ትልቁ ይቆርባል። እናትየዋ ሚጡን አዝላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ልታቆርባት ስለሆነ ከማለዳ 12 ሰዓት ጀምሮ ጡት አልሰጠቻትም። ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ወደ 6 ሰዓት ገደማ፣ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ከበደቻት። ስታወርዳት ዓይኗ ተገልብጧል። እጅ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሴቶች ከበቧት። አንዷ ክብሪት ጭራ አሸተተቻት። አንዷ «የዓይን ነገር ነው፤ ሸፍኗት» አለች።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ለእንፍርፍሪቱ ዲያዜፓም ሰጠኋት። የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ። የስኳር መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የደም ጠብታ የሚደረግበት ስትሪፑ ካለቀ ግን ሦስት ሳምንት አልፎታል። ነርሷ ደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ ሰቀለችላት። ልማድ ነው፤ ለደከመ ልጅ ሁሉ ግሉኮስ እንሰቅላለን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሚጡ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ፈለገች። እኔ ካርዱ ላይ «የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ አስጀምሬ ላክኋቸው።

ልጅቷን ያነቃት ነገር ዓይኔ ሥር ተንጠልጥሎ ይንጠባጠብ ነበር። አላስተዋልኩትም። ይህን የምጽፈው የሥራ ባልደረቦቼ እንዲያነቡት ነው። ሳይበላ የቆየ ልጅ ተንቀጥቅጦ፣ ግሉኮስ ሲገባለት ከነቃ፣ ግሉኮሱ ራሱ ምርመራ ነው። ነገሩን ነግሮናል ማለት ነው።

በመስከረም አያቷ ለሰባት ቀን ጠበል ወሰዷት። ጠበል የሚጠጣው ጀምበር ሳትወጣ፣ እህል ሳይቀመስ ነው። ሚጡ ጠበሉ ቦታ ላይ ትልባለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጮኻለች። ሰዉም «እየለቀቀባት ነው» ብሎ ተስፋ አደረገ። ማንም ክፉ አላሰበም። አያቷ በ60 ዓመታቸው ዳገቱን በእግራቸው የወጡት ስለሚወዷት ነው።

ጥር 2014 ላይ ተቅማጥና ትውከት ያዛት። አንድ ቀን ሙሉ የበላችው አልረጋም። በማግስቱ ጠዋት አባትየው ተሸክሟት መጣ። ያን ቀን ስትሪፕ ነበረን። ጣቷን ወጋሁ። መለኪያው ቁጥር አልሰጠም፤ ከሚለካው በታች ነው የሚለውን ምልክት አሳየ። ከ20 በታች ማለት ነው። ልጅቷ ደግሞ ፈዛ ቢሆንም ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ የራሴን ጣት ወጋሁ። 96 አለኝ። እሷን እንደገና ወጋሁ። ያው ነው።

እንደዚያ ዝቅ ብላ እንዴት ነቅታ እንዳየችኝ በኋላ ገባኝ። ሚጡን በያዛት በሽታ ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ በብዛት ይከማቻል። አንጎል ስኳር ሲያጣ በእሱ ትንሽ ይንገታገታል። ስለዚህ ልጁ ሳይወድቅ ብዙ ጊዜ በባዶ ሊሄድ ይችላል። ሰው ደህና ነው ብሎ ያልፋል።

10 ፐርሰንት ዴክስትሮዝ የሚባለውን የግሉኮስ ፈሳሽ ሰቅለን፣ ነርስ አብራ ሄዳ፣ ባሕር ዳር ወደሚገኝ ሆስፒታል ላክናት። እዚያ ነገሩን የፈታው ላቦራቶሪ የሚሠራ ልጅ ነው። ደሟን አሽከርክሮ ሲያወጣው ከላይ የቀረው ውሃ ነጭ ነበር። ጤነኛ ሲሆን የገለባ ቀለም አለው። የእሷ ወተት ይመስላል። ልጁ ውጤቱን በወረቀት አልላከም። ብልቃጧን በእጁ ይዞ የሕፃናት ሐኪሟ ድረስ ሄደ። ሐኪሟ የሚጡን ሆድ በጣቷ ዳሰሰች። ጉበቷ ከጎድን አጥንት በታች ወርዶ እምብርቷ አጠገብ ደርሷል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ፣ ዩሪክ አሲድ፣ ላክቲክ አሲድ ሁሉም ከፍ ብለዋል። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ ሄዱ። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ የዘር ምርመራ ተደረገለት። የግላይኮጅን ክምችት በሽታ፣ ዓይነት 1ኤ ተባለ።

ሲመለሱ አባትየው ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ገበሬ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ንብም ያነባል። «ዶክተር፣ ተነግሮኛል፤ ግን አልያዝኩትም» አለኝ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን በጎተራ አስረዳሁት።

ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው። ስንበላ የተረፈውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ይከዝናል። ስንተኛ ወይም ስንጾም ከዚያ እየቆነጠረ ለደም ይሰጣል። ስኳሩ እንዲወጣ ግን በሩን የሚከፍት ያስፈልጋል። ያ ግሉኮስ 6 ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሚጡ ይህ የላትም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጎተራው ያብጣል፣ ቤቱ ይራባል። ጤነኛ ሰው ክምችቱ ሲያልቅበት ጉበቱ ከፕሮቲንና ከሌላም ነገር አዲስ ስኳር ይሠራል። እሱም የሚወጣው በዚያው በር ስለሆነ ለእሷ የጓሮ በር እንኳ የለም። መውጫ ያጣው ወደ ላክቲክ አሲድ፣ ወደ ስብና ወደ ዩሪክ አሲድ ይዞራል። ያ ነጭ ደም የዚህ ስብ ነው። ነስሩም ከዚሁ ይመጣል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ቁጥራቸው ሳይጎድል ሥራቸውን በደንብ አይሠሩም።

አባትየው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ስለዚህ ልጄ ጠግባም ትራባለች» አለ። ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

«መቼ ነው የታወቀው ይኼ ነገር?» ብሎ ጠየቀኝ። በሽታውን የገለጸው ጀርመናዊው ኤድጋር ፎን ጊርኬ በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። የጎደለው ኢንዛይም የታወቀው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያገኙት ባልና ሚስቱ ካርል እና ጌርቲ ኮሪ ናቸው። ከ100,000 ልደት በአንዱ ገደማ የሚያጋጥም ነው። ይህን ስነግረው «መድኃኒቱስ?» አለ። መድኃኒቱ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ጥሬ የበቆሎ ስታርች ነው አልኩት።

«በቆሎ?» አለ። ቀና ብሎ አየኝ። «የእኛ በቆሎ?»

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ቤተሰብ ሊሳሳትበት የሚችል ቦታ ነውና። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። አባትየው በዚያው ሳምንት ንጹሕ በቆሎ አስለቅሞ ወፍጮ ቤት ወሰደ። የላመውን ዱቄት በውሃ በጥብጠው ሰጧት። ሆዷ ተነፍቶ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ስኳሯም ከሦስት ሰዓት በላይ አልቆመም። የበቆሎ ዱቄትና የበቆሎ ስታርች አንድ አይደሉም። ዱቄቱ ውስጥ ፕሮቲኑ፣ ስቡ፣ ገለባው ሁሉ አለ። ስታርቹ ከዚያ ሁሉ ተለይቶ የወጣ ነው። በጣት ሲይዙት ጭርጭር የሚል፣ እንደ ኖራ የነጣ ነው። ሱቅ ውስጥ ኮርን ፍላወር ተብሎ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ደግሞ ባለሱቅ በቅንነት ካስተርድ ሰጣቸው። ካስተርድም መሠረቱ ስታርች ነው፤ ግን ቀለምና ማጣፈጫ አለው፣ ስኳር የገባበትም አለ። አይሆንም።

ጥሬ የሚባለው ዋናው ነገር ነው። ስታርቹ ጥሬ ሲሆን አንጀት ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ስኳሩን ለሰዓታት እያንጠባጠበ ይሰጣል። ሲፈላ ወይም በሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ግን ፍሬው ይፈነዳል። ያኔ እንደ ገንፎ ቶሎ ተፈጭቶ ያልቃል። ውሃው የፈላና የቀዘቀዘ ይሁን አልኳቸው፤ መፍላቱ ለንጽሕናው፣ መቀዝቀዙ ለስታርቹ። ስኳርም ሎሚም አይገባበትም። ሲቀመጥ ከሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ ከጠጣች በኋላ ትንሽ ውሃ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ ያንንም ማጠጣት ያስፈልጋል። እናትየዋ ይህን ባታደርግ ኖሮ ግማሹ መድኃኒት ሲኒው ሥር ይቀር ነበር።

መጠኑ በክብደት ነው። ያኔ ሚጡ 11 ኪሎ ነበረች። ሐኪሟ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.6 ግራም በየ4 ሰዓቱ አዘዘችላት። በአንድ ጊዜ ወደ 18 ግራም፣ በቀን ስድስት ጊዜ፣ በወር ከ3 ኪሎ በላይ ይሆናል። መጀመሪያ በትንሽ ጀምረን ቀስ በቀስ ጨመርን፤ አንጀቷ እስኪለምደው ጋዝ ይበዛባት ነበር። ሚዛን ከጤና ጣቢያ ወሰድኩላቸው። እናትየዋ መዝና ሲኒው ውስጥ ገለበጠችው፣ የቆመበትን ቦታ በጥፍር ቀለም አሰመረች። ሚዛኑን መለሰችልኝ። ልጅቷ ኪሎ በጨመረች ቁጥር እየመጣች ትመዝናለች፤ መስመሩም ከፍ ይላል። የድሮዎቹ መስመሮች ተፍቀው ቢጠፉም ጥላቸው አሁንም ይታያል።

ምግቧም ተለወጠ። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ሥጋ፣ ባቄላ ትበላለች። ስኳር፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና ማር ግን አይሰጣትም። ፍራፍሬና ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ፣ ወተት ውስጥ ያለው ጋላክቶስ ወደ ግሉኮስ ተለውጠው የሚወጡት በዚያው በተዘጋው በር ነው። ስለዚህ ላክቲክ አሲዱን ብቻ ይጨምራሉ። ካልሲየምና ቫይታሚን በሐኪም ትዕዛዝ ተጨመረላት። ይህ ለአባትየው ከበደው። ጎጃም ውስጥ ልጅን ማር አለማላስ፣ ወተት አለማጠጣት ንፉግነት ይመስላል። በኅዳር ቀፎ ሲቆረጥ ሚጡ ከሥሩ አትጠፋም ነበር። አሁን ማር የሚቆረጠው እሷ ስትተኛ ነው።

የዘር ነገር ሲነሳ አያቷ መጀመሪያ የጠየቁት «ከማን ወገን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ለምራታቸው ነበር። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። አባትየው ደግሞ ተናደደ፤ «ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፤ ዘመድ አይደለንም» አለ።

እውነቱን ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ጥሩ ነገር ነው። የቅርብ ዘመድ ሲጋባ ሁለቱም አንድ ዓይነት የተደበቀ ጉድለት የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራልና። ግን ጉድለቱ ከሰባት ቤት በላይ የቆየ ሊሆን ይችላል። ወይም በሁለቱ ወገን ለየብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። የተሸከመው ሰው ራሱ ጤነኛ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም። ኪሴ ውስጥ ቦሎቄ ይዤ ሄጄ ነበር። ለአባትየው አንድ ነጭ አንድ ቀይ፣ ለእናትየዋም አንድ ነጭ አንድ ቀይ ሰጠኋቸው። «ሳታዩ አንዳንድ አውጡ» አልኳቸው። ሁለቱም ቀይ ካወጡ ልጁ ይታመማል። አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ ከሆነ ልጁ እንደ እነሱ ተሸካሚ ይሆናል፣ አይታመምም። ሁለቱም ቀይ የማውጣታቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው።

አባትየው «እንግዲያ አንዷ ከታመመች የሚቀጥሉት ሦስቱ ደህና ናቸው» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚረዳው። «ቦሎቄው ወደ ኪስ ይመለሳል» አልኩት። በእያንዳንዱ እርግዝና እንደገና ከአራት አንድ ነው።

አያቷ ቦሎቄዎቹን ከመደቡ ላይ አንስተው ቀዮቹን ጎን ለጎን አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ አዩዋቸው። «የልጄም ነዋ እንግዲህ» አሉ፤ ከልጃቸውም ወገን መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «በይ ይቅር በይኝ ልጀ። ሾተላይ ያልኩሽን» አሏት። እናትየዋ አልመለሰችም። ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ቀድመው አቀፏት። የመጀመሪያው ልጅ በምን እንደሞተ በምርመራ አልተረጋገጠም፣ ሊረጋገጥም አይችልም። ሐኪሟም እኔም የምናስበው ግን አንድ ነው። ያ ሕፃን ሳይጠባ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አደረ።

ሌሊቱ የቤቱ ትልቁ ሥራ ሆነ። ማታ 3 ሰዓት፣ ሌሊት 7 ሰዓት፣ ንጋት 11 ሰዓት። አንድ ሰዓት ማለፍ አይቻልም። መጀመሪያ በሞባይል ማንቂያ ነበር። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያልቃል። አንድ ሌሊት ስልኩ ጠፍቶ እናትየዋ 9 ሰዓት ላይ በራሷ ባንና ብትነሳ ሚጡ ላብ አጥምቋታል። ከዚያ ወዲህ 7 ሰዓቱን አያቷ ወሰዱት። ለጸሎት ሌሊት መነሳት የቆየ ልማዳቸው ነው። ስልክ አያስፈልጋቸውም። ተነስተው ኩራዙን ያበሩና ሲኒውን ያነሳሉ። በጣታቸው መስመሩን ይዳስሳሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ። በጥብጠው፣ ሚጡን ቀና አድርገው፣ «ጠጪ የኔ እናት» ይሏታል። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ትጠጣለች። ከዚያ ነው መዝሙረ ዳዊታቸውን የሚጀምሩት፤ በቃላቸው።

ጠበሉና ጾሙ ላይ ትልቅ ጠብ ይነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተነሳም። የቤተሰቡን የነፍስ አባት ጋብዤ አነጋገርኳቸው። «ጾም ለታመመ አልተጫነም። ይህች ልጅ ደግሞ ምግቧ መድኃኒቷ ነው» አሉ። ጠበል ስትሄድ ስታርቿን ጠጥታ እንድትሄድ እሳቸው ራሳቸው ፈቀዱ። እኔ ብናገረው ያን ያህል ባልተሰማሁ ነበር። ጤና ባለሙያዎች ቄስን ተቃዋሚ አድርገን የምንጀምረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ቀድመው የረዱት እሳቸው ናቸው።

እናትየዋ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥረው አንድ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አለ። ሐኪሟ ናት የጻፈችላት። ይህች ልጅ መጾም አትችልም ይላል። ካስመለሳት ወይም መብላት ካቃታት ሳትወድቅ ወዲያው 10 ፐርሰንት ዴክስትሮዝ ይሰቀልላት፤ ላክቴት ያለበት፣ ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ አይሰጣት ይላል። ላክቲክ አሲዱ ራሱ በዝቶባታልና። ለቤት ደግሞ የግሉኮስ ዱቄት ከፋርማሲ ይገዛል። ማላብና መነጫነጭ ስትጀምር፣ ነቅታ መዋጥ የምትችል ከሆነ፣ በውሃ ይሰጣታል። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ ድድዋ ላይ ትንሽ ተቀብቶ ወደ እኛ ትሮጣለች።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። በአንድ ወቅት ስታርቹ አራት ቀን ሲቀረው ወደ ደብረ ማርቆስም ወደ ባሕር ዳርም መኪና አልነበረም። እኔና አባትየው ጥቅሉን ቁጭ ብለን ቆጠርን። ለሌሊቱ ብቻ እናስቀምጠው ተባባልን። ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ገንፎና እንጀራ ስትበላ ዋለች። እንዲህ ለስድስት ቀን ሄድን። በሰባተኛው ቀን አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከደብረ ማርቆስ አሥር ጥቅል ይዞላቸው መጣ። ሒሳቡን ብቻ ተቀበለ፤ የመንገዱን አልቀበልም አለ። አሁን ቤቱ ውስጥ የሦስት ወር ስታርች ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጣል። እርጥበት እንዳይነካው አመድ የተነሰነሰበት ጣውላ ላይ ቆሟል። የጤፉ ጎተራ አጠገብ ነው።

በ2016 ወንድም ተወለደላት። እናትየዋ እርግዝናውን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለ ቦሎቄው አላነሳንም። ሲወለድ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ስኳሩን ለካን፤ ከዚያም ለሳምንታት ከማጥባት በፊት እየለካን ተከታተልነው። አይወርድም። ጉበቱም አላደገም። ዛሬ ሌሊት ሳይጠባ ተኝቶ ያድራል። እናትየዋ ግን እሱንም ትቀሰቅሰዋለች። ተይ አልላትም።

ሚጡ አሁን ኬጂ ገብታለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ የአጎቷን ልጅ አልደረሰችባትም። የሆዷ እብጠት ቀንሷል። መምህሯ ሰዓቱ ሲደርስ ሲኒዋን አውጥታ ትሰጣታለች። መጀመሪያ ልጆች «ኖራ ትጠጣለች» ብለው ሳቁባት። መምህሯ ሁሉንም በየተራ አስቀመሰቻቸው። ማንም አልወደደውም፤ ሳቁም ቀረ። ከፊቷ ገና ብዙ አለ። ከጉርምስና ጀምሮ ጉበት ላይ እብጠት ሊወጣ ይችላል፤ ኩላሊትና አጥንትም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ በየጊዜው አልትራሳውንድና የደም ምርመራ አላት። መንገድ ሲከፈት ይሄዳሉ። ሲዘጋ ቀጠሮው ያልፋል።

ባለፈው ወር አያቷ ጤና ጣቢያ መጡ። ሚጡን አልያዙም። አንዲት የጎረቤት ሴት ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጇን አቅፋ ከኋላቸው ቆማለች። ልጁ ሆዱ ትልቅ ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ ይፈዝዛል አሉኝ። ሴትዮዋ በሰፈር የተነገራትን ልትዘረዝር ስትጀምር አያቷ በእጃቸው ከለከሏት።

«እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ስኳሩን ለካው እንጅ» አሉኝ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ስትሪፕ ነበረ። ጣቱን ወጋሁ። 88 አለ። የሕፃኑ ሆድ ጉዳይ ሌላ ነበር፤ በዚያው ቀን ደሙ ውስጥ ወባ አገኘን። አያቷ ቁጥሩን አስነበቡኝ፣ ደግሜ ነገርኳቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ መድኃኒቱ እስኪሰጥ።